እጅ ማንሣት ማመን አይደለም፦ ስለ ድነት ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ለጥምቀት የሚዘጋጁ አማኞችን ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የተማሪዎቹ ሳይሆኑ የእኛ የአስተማሪዎቹ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ይኸውም አንድ ሰው በስብከት መጨረሻ እጁን ስላነሣና የንስሐ ጸሎቱን ተከትሎ ስለ ደገመ ብቻ «ከዛሬ ጀምሮ ድነሃል፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳያጠራጥርህ» ብሎ ማሰናበት ነው። ሰዎችን ወደ ፊት የመጥራት ልማድ ከሐዋርያት የወረስነው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በስፋት የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ በአሜሪካ፣ ሰባኪው ቻርልስ ፊኒ በመራቸው የመነቃቃት ጉባኤዎች ነው። ልማዱን አልነቅፍም፤ በአፍ መመስከር እንደሚገባ ሮሜ 10፥9 በግልጽ ይናገራል። የምነቅፈው ምልክቱን ከነገሩ ጋር አንድ ማድረጋችንን ነው። ጠንቋዩ ሲሞን እንዳመነና እንደ ተጠመቀ የሐዋርያት ሥራ 8፥13 ይነግረናል፤ ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ ግን ጴጥሮስ «ልብህ በእግዚአብሔር ፊት የቀና አይደለም» ይለዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መጨረሻም ብዙዎች ምልክቶቹን አይተው በኢየሱስ ስም አመኑ፤ እርሱ ግን አልታመነባቸውም። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ የገባው ግስ አንድ ነው። ጌታ ራሱ ሳይቸኩል እኛ ስለ ምን እንቸኩላለን?

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። የዕቁብ ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ሰው በክፍሌ ይማር ነበር። አንድ ምሽት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀረና ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የዳንሁ አይመስለኝም» አለኝ። ምክንያቱን እንኳ ሳልጠይቀው፣ ጌታን የተቀበለበትን ቀን የጻፍንበትን ካርድ ከመሳቢያ አውጥቼ ስሙንና ቀኑን በጣቴ አሳየሁት፤ «ይህ የጠላት ክስ ነው» ብዬም ጸለይሁለትና ሸኘሁት። ዕጣ ለወጣላት አንዲት መበለት ሊያስረክብ የሚገባውን ገንዘብ አስቀርቶ እንደ ነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ሴትየዋ በጉሊት ሽንኩርት እየሸጠች በየሳምንቱ ዕቁቧን ትጥል ነበር። ሰውየው ያን ምሽት የመጣው ሊናዘዝ ነው፤ እኔም የጠላት ድምፅ ነው ብዬ ዝም ያሰኘሁት የገዛ ሕሊናውን ነበር። ዘኬዎስ የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱ መዳንን አልገዛለትም፤ ነገር ግን ጌታን ወደ ቤቱ ሲያስገባ የገንዘብ ሣጥኑን ቆልፎ አልተቀበለውም። ስለዚህ ወጣት አስተማሪዎችን እለምናችኋለሁ፤ አንድ ሰው «የዳንሁ አይመስለኝም» ሲላችሁ ጥቅስ ከመጥቀሳችሁ በፊት «ምን ገጠመህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ስሙት።

ሌላው ስህተት ዕውቀትን እምነት ብሎ መቁጠር ነው። በአውሮፓ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን የነበሩ መምህራን እምነትን ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበልና መታመን ብለው በሦስት ይከፍሉት ነበር፤ በ1563 የወጣው፣ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀው የእምነት ማስተማሪያ የሃይደልበርግ ካቴኪዝምም በ21ኛው ጥያቄው እውነተኛ እምነት የተረጋገጠ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ከልብ መታመንም እንደሆነ ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአጋንንትም ዘንድ አሉ፤ ያዕቆብ 2፥19 «ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» የሚለው ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። ተከሳሽ ጥፋቱን «አመነ» ስንል አልካደም ማለታችን ብቻ ነው፤ በሰው «ታመነ» ስንል ግን ራሱን ጥሎበታል ማለታችን ነው። አደራ የበላውን ሰው ደግሞ «እምነት አጎደለ» እንለዋለን፤ እምነት በሁለት ወገኖች መካከል ያለ ትስስር መሆኑን ቋንቋው ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ሳይሳሳት የሚመልስ ተማሪ ሲገጥመኝ ልጅህ በሌሊት ሲታመምብህ፣ ሥራህን ስታጣ፣ ኃጢአትህ ሲገለጥብህ ወዴት ትሸሻለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ጳውሎስንና ያዕቆብን ማጣላትም የተለመደ ነው። አንዱ ወገን ኤፌሶን 2፥8ንና 9ን ይዞ ቁጥር 10ን ይተዋል፤ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን የሚናገረው ግን ያ ቁጥር ነው። ሌላው ወገን ያዕቆብ 2ን ይዞ ሰውን ወደ ደረሰኝ ሰብሳቢነት ይመልሰዋል፤ ስንት ጊዜ እንደ ጾመ፣ ስንት እንደ መጸወተ ያስቆጥረዋል። ሁለቱም ሐዋርያት የሚጠቅሱት ግን አንዱን አብርሃምን ነው። በዘፍጥረት 15፥6 አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት፤ ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ያጋደመው በምዕራፍ 22 ነው፤ በመካከሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ጳውሎስ ስለ ሥሩ፣ ያዕቆብ ስለ ፍሬው ይናገራሉ። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር እንኳ በ1522 ባወጣው የአዲስ ኪዳን ትርጉም መግቢያ የያዕቆብን መልእክት በገለባ ቢመስለውም፣ በዚያው ዓመት ለሮሜ መልእክት በጻፈው መቅድም እምነት ሕያው ስለሆነ መልካም ሳያደርግ ሊቀር እንደማይችል አጥብቆ ጽፏል።

ተአምርን ማስረጃ ማድረግን በተመለከተ ማቴዎስ 7፥22ንና 23ን ማንበብ ይበቃል፤ ትንቢት የተናገሩና አጋንንት ያወጡ ሰዎች «ከቶ አላወቅኋችሁም» ተብለዋል። በአማኝ ቤት ተወልዶ ማደግም ትልቅ በረከት ነው፤ የወላጅ እምነት ግን ለልጅ አይቈጠርለትም። «ራሳችሁን መርምሩ» የሚለውን 2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5ን ጎረቤታቸውን ለመመርመር የሚጠቀሙበት ሰዎች ደግሞ ጥቅሱን ደግመው ያንብቡት።

የመጨረሻው ስህተት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ሐሰተኛውን እምነት እንለያለን ስንል ደካማውን እምነት እንሰብራለን። የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮህ ጌታ አልመለሰውም። እኛ ግን እንመልሳለን። በአንድ የጥምቀት ቃለ መጠይቅ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንዲት አሮጊት እናትን «እማማ፣ የዳኑበትን ቀን ያስታውሳሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት አሰቡና «ቀኑን አላውቀውም፣ ልጄ። ድሮ ቂሜን ይዤ እተኛ ነበር፤ አሁን ግን እርሱን ሳስብ ካልታረቅሁ በቀር እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። በስማቸው ትይዩ «ይቆዩ» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ አልተቃወምሁም። በሚቀጥለው ዙር ተጠመቁ፤ ያን የቀን ጥያቄም ከቅጻችን ላይ አወጣነው።