የማቅለሚያ ፍሳሽን በአሉም ማከምና በዘር መፈተሽ

ፍሳሹ ጠራ ማለት መርዙ ወጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ ካከማችሁት በኋላ በዘር ፈትሹት።

ጓንትና መነጽር አድርጉና ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ 7 መካከለኛ ነው) ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ስለሚሆን በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ወደ 7 አውርዱት። 10 ግራም አሉም (ቆሻሻን አያይዞ የሚያዘቅጥ ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ። አንድ አንድ ሊትር ፍሳሽ በያዙ አምስት ዕቃዎች ላይ ከዚህ 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በዝግታ አማስሉና 30 ደቂቃ ይዝቀጥ። በዝግታው ሰዓት ከቸኮላችሁ የተያያዘው ጭቃ ተሰባብሮ አይወርድም። አሉም ራሱ ፒኤች ያወርዳል፤ ከ6 በታች ከሆነ አስተካክሉ። ሪአክቲቭ ቀለም (ከጨርቁ ክር ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር) በአሉም እምብዛም አይያዝም፣ አክቲቭ ካርበን (ቀለም የሚመጥ ልዩ ከሰል) ይፈልጋል።

ከላይ የጠራውን 5 ሚሊ ሊትር በማጣሪያ ወረቀት ላይ አፍስሱና 20 የሰላጣ ዘር ደርድሩ፤ ለማነጻጸሪያ በሌላ ሳህን ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ተጠቀሙ። ለ5 ቀን ጨለማ ውስጥ፣ 22 ዲግሪ አካባቢ ይቆዩ። የበቀለውን መቁጠር ብቻ ያታልላል፤ ዘር በራሱ ስንቅ ይበቅላልና። ሥሩን በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ጫፉ ቡናማ መሆኑንም እዩ።

ሥሩ ካጠረ፣ የጨው መጠኑ ከፍሳሹ ጋር እኩል በሆነ የገበታ ጨው ውሃ ፈተናውን ድገሙ። እኩል ካጠረ ጥፋቱ የጨው ነው፣ አሉም ደግሞ ጨው አያወጣም። በጨው ውሃው ደህና ካደገ ግን የቀረ ቀለም ወይም ብረታ ብረት ሊኖር ይችላል።