ጆሮው የተንጠለጠለ አዳኝ ውሻ ላላችሁ

ቢግል፣ ባሴት ሃውንድ ወይም ብለድሃውንድ ካላችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ጆሮውን ገልጣችሁ እዩ፤ አሽትቱትም። የተንጠለጠለው ጆሮ እርጥበቱን ስለሚያፍን ፈንገስና ባክቴሪያ በቀላሉ ይራቡበታል። ንጹሕ ከሆነ አትነካኩት፤ ማጠብም ሲበዛ ቆዳውን ያስቆጣል።

ቆሽሾ ካገኛችሁት ለውሻ ጆሮ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ከነጠርሙሱ በእጃችሁ ይዛችሁ አሙቁት (ቀዝቃዛ ከጨመራችሁበት ሁለተኛ አያስጠጋችሁም)፣ ከዚያ ቀዳዳው እስኪሞላ አፍስሱ። የጆሮውን ሥር ከውጭ በኩል ለ30 ሰከንድ ያህል እሹት። ልቀቁትና ራሱን ያራግፍ። የወጣውን ጣታችሁ እስከሚደርስበት ብቻ በጥጥ ጥረጉ። ጫፉ ጥጥ የሆነ የጆሮ መጥረጊያ ግን አይሆንም፦ የውሻ ጆሮ ቱቦ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ቆሻሻውን ገፍቶ እዚያው ይጠቀጥቀዋል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይቅሩ።

ከዋኘ ወይም ከታጠበ በኋላ ሳምንቱን አትጠብቁ፤ ወዲያው አድርቁት።

ራሱን አዘንብሎ የሚሄድ ወይም ጆሮው ሲነካ የሚጮህ ከሆነ ምንም አታፍስሱ። ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ውስጡን በመሣሪያ ይየው።