ያገለገለ ራቭፎር አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት ይገዛል?

መኪና ልታዩ የምትሄዱት ጠዋት በ1 ሰዓት ተኩል ነው። ከሰዓት አይደለም፣ ካፌ በር ላይም አይደለም፣ ሻጩ ቤት ድረስ ሄዳችሁ፣ መኪናዋ ባደረችበት ግቢ ውስጥ። ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ ሞተሯ ሞቆ የቆመች መኪና ሁሉ ቆንጆ ናት።

ይህን የተማርኩት በገዛ ገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ መኪናዬን ያየኋት ከምሳ በኋላ ነበር፣ ሻጩ ከከተማ ዳር ነድቷት መጥቶ። ድምጿ የለም፣ ጭስ የለም፣ ደስ አለኝና ገዛኋት። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳት ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ በአጥር አሻግሮ አይቶ «ዛሬ ቡና እናንተ ጋ ነው እንዴ?» አለን።

ስለ ቶዮታ ራቭፎር የማወራው አብዛኛው ቤተሰብ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ነው። አምስት ሰው ከነጓዙ ትይዛለች፣ ኮብልስቶንና የሰፈር ጉድጓድ አይከብዳትም፣ መለዋወጫዋ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ሰባት ሰው ለምትጭኑ ግን ትጠባችኋለች፤ የሃዩንዳይ ሳንታ ፌ እዩ። ዋጋዋ ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ እዚሁ አገር ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። 15 ዓመት የሞላት መኪና ከገባችበት ዋጋ በላይ ስትጠየቅ አትደንግጡ፣ ግን ዋጋዋ ስለተወደደ ጤነኛ ናት ማለትም አይደለም።

ብሩን ሁሉ ለመኪናዋ አታድርጉት። ከያዛችሁት ከአስር አንዱን ለብቻው አስቀምጡ። የስም ዝውውር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ዘይትና ፊልትሮ አለ፣ ጎማ ሊኖር ይችላል። ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ገና ሳትሄዱ በስልክ ተስማሙ፤ ሻጩ ፊት ከተነሳ ሁለት ለአንድ ናችሁ።

ሊብሬውን ቀድማችሁ እዩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኮፈን ነው የሚያስከፍተው። እኔ ሊብሬ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩን ነው የማስወጣው፣ ምክንያቱም የታመመ ሞተር ይታደሳል፣ የታመመ ወረቀት ግን ዓመት ያመላልሳል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው? መታወቂያውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። «የወንድሜ ናት፣ ውክልና አለኝ» ካለ ውክልናው መሸጥ እንደሚፈቅድ በግልጽ የተጻፈ መሆን አለበት፣ የሰጠው ሰውም በሕይወት መኖር አለበት፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። እናንተም ደግሞ «ለጊዜው በውክልና ያዛት፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዞራለን» የሚል ነገር ከመጣ አትስሙ።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ብረት ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቁጥሩ አካባቢ የተፈገፈገ ወይም አዲስ ቀለም የነካው ቦታ ካለ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። ከአሜሪካ የገባች ከሆነች ከሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አሃዞች መካከል 10ኛው የሞዴሏን ዓመት ይነግራችኋል፦ 6 ከሆነ 2006፣ 9 ከሆነ 2009፣ ኤ ከሆነ 2010፣ ቢ ከሆነ 2011 በፈረንጆቹ። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ቁጥሩን ይላክለት። እዚያ በጥቂት ዶላር የመኪናዋ ታሪክ ይወጣል፤ ተገልብጣ ይሁን፣ ጎርፍ ውስጥ ቆማ ይሁን ይታወቃል። ዳሽቦርዷ በማይል የሚቆጥር ከሆነም አትርሱ፣ 100 ሺህ ማይል ማለት 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

ታርጋውንም እዩ። ሰማያዊ ኮድ 2 የግል ነው። አረንጓዴ ኮድ 3 ከሆነች ኪራይ ላይ ሠርታ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ደግሞ ቀረጡን ማን ነው የሚከፍለው? ይሄ ሳይቋጭ ስለ ዋጋ አታውሩ፣ የቀረጡ ብር የመኪናዋን ዋጋ ሊያስረሳ ይችላል።

ሞተሩ ሳይነሳ

እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከሆነ ቀድሞ አስነስቷታል፤ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ወይም ነገ እመጣለሁ በሉ።

የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጥታችሁ በሶፍት ጥረጉና መልሳችሁ አውጡ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከ2006 እስከ 2008 ሞዴል ያሉት ባለ 2.4 ሊትር ራቭፎሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ችግሩ ፒስተኑና ቀለበቱ ላይ ነው፣ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ጥገና ዋስትና እስከ ማራዘም ደርሷል። ሁሉም ይበላሉ አይደለም፣ ግን ዘንጉ ላይ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ኋላ ሻንጣ ውስጥ የተከፈተ የዘይት ጋሎን ይዞ የሚዞር ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። ከ2009 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጠው ባለ 2.5 ሊትር በዚህ በኩል ይሻላል። አሮጌዋን ማለትም ከ2001 እስከ 2003 ያለችውን ካያችሁ ደግሞ ጉዳዩ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው፤ ኦቶማቲኳ ማርሽ ስትቀይር ድው የምታደርግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሯ ነው። መካኒክ ካምቢዮ አውርዶ ብር ከመብላቱ በፊት ይህን ይወቅ።

አሁን ቁልፉን ግማሽ አዙሩ፣ አታስነሱ። የሞተር መብራቷ መብራት አለባት፣ ስትነሳ ደግሞ መጥፋት። ከመጀመሪያውም ካልበራች አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አስነሱና አንድ ሰው ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ጋ ይቁም። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ያለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ቡና አይደለም።

ላሜራ

የፍሪጅ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። በሮቹ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የኋላ ጎማ አናት ላይ አስጠጉት፤ የማይዝበት ቦታ ስር ስቱኮ (የላሜራ መሙያ) አለ። ፓራውልቱ (የፊትና የኋላ መከላከያው) ላይ ባይዝ አትደናገጡ፣ እሱ ፕላስቲክ ነው። (አንድ ጓደኛዬ እዚያው ላይ ሞክሮ ሻጩን ሌባ ሊለው ነበር።) አዲስ አበባ ውስጥ ያልተጫረች መኪና የለችም፣ ጭረት አያስፈራ፤ የሚያስፈራው ኮፈኑ ስር ያለው አጥንቷ የተበየደ ከሆነ ነው።

ከ2013 ሞዴል በፊት ያሉት የኋላ በራቸው ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ነው የተሰቀለው። በሩን ከፍታችሁ በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከላላ ማጠፊያው ደክሟል፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ናት። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ፣ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ሽሮ ሜዳን ይዛችሁ ወደ እንጦጦ

ቦሌ ላይ ሦስት መብራት ዞራችሁ ነዳሁ አትበሉ። ቤተሰባችሁን ጭናችሁ ወደ እንጦጦ ውጡ። ራዲዮ ዝጉ፣ ኤሲ ክፈቱ። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ ብትለግም ጥፋት አታድርጉባት። ዓይናችሁ ሙቀቱ ላይ ይሁን። ከመሃል ከዘለለ ራዲያተር ወይም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ውድ ናቸው። ስትወርዱ ፍሬን ያዝ አድርጉ፣ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል? ሜዳ ስታገኙ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ክብ ንዱ፣ ከፊት ጎማ ቀጭ ቀጭ ካለ አክስሉ ደክሟል። ቆማችሁ መሪውን ግራ ቀኝ ስታደርጉት ቀው ካለ ደግሞ የመሪው ዘንግ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከ2006 ሞዴል ወዲህ ባሉት የተለመደ ነው፣ ግን መካኒክ ይየው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የራሳችሁ መካኒክ ጋ ውሰዷት፣ ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ያላችሁ ጋ አይደለም። ከስር ይግባ፣ በኮምፒውተርም ያስነብባት። ሻጩ ለዚህ እምቢ ካለ መልሱ ራሱ እምቢታው ነው።

ቀብድ እና ውል

ደላላው «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው» ይላችኋል። ይምጣ በሉት። ቀብድ ቀልድ አይደለም፤ እናንተ ከቀራችሁ ብራችሁ ይቀራል፣ ሻጩ ሐሳቡን ከቀየረ ግን እጥፉን መመለስ አለበት። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፣ ትንሽም ይሁን።

ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ነው የሚፈረመው። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርማለች፣ ሻጯ ያገባች ከሆነች ባሏም፤ የቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ሁለቱ ሳይስማሙ እንዳይሸጥ ይላል። ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ከዚያ በፊት ግን እዳና እገዳ እንደሌለባት፣ የባንክ ብድር መያዣ እንዳልሆነች፣ የትራፊክ ቅጣትና የቦሎ ጉዳይ እንደተጠናቀቀ አጣሩ። የቴምብር ቀረጡንና የዝውውሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል ደግሞ እዚያው ወረፋ ላይ አትከራከሩበት፣ ቀብድ ወረቀቱ ላይ ይግባ።

ብሩ በባንክ ይተላለፍ። ሊብሬውን ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን ቁልፍም ጠይቁ። «ቤት ረስቼዋለሁ» ካለ አብራችሁ ሂዱ።