ጌም ስትቀዱ የትኛውን ኮዴክ ልምረጥ ለምትሉ

ኮዴክ ማለት ቪዲዮን ጨምቆ የሚያስቀምጥና መልሶ የሚከፍት ዘዴ ነው። ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ግራፊክስ ካርዳችሁ ምንድነው? ቪዲዮውስ የሚታየው የት ነው? እኔ የምቀዳው የእግር ኳስ ጌም ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው።

በ1080ፒ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ምስል ምንም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ 187 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። አንድ ደቂቃው ከ11 ጊጋባይት ያልፋል። ይህን የሚችል ዲስክ ያለን ጥቂት ነን።

ለአብዛኞቻችን የሚሻለው ኤች 264 ነው። ከ2003 ጀምሮ ያለ ኮዴክ ነው፤ ያረጀ ስልክም ይከፍተዋል፣ ኤዲት ስታደርጉም ኮምፒውተሩን አያስጨንቅም። ኤች 265 በዚያው ጥራት ፋይሉን ያሳንሳል። ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነ ይጠቅማል፤ ደከም ያለ ኮምፒውተር ላይ ግን ኤዲቱ ይንቀራፈፋል። ኤቪ1 ከሁለቱም የበለጠ ይጨምቃል። ችግሩ በካርዱ ለመቅዳት ከ2022 ወዲህ የወጣ ካርድ መፈለጉ ነው፤ እንደ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40፣ ኤኤምዲ አርኤክስ 7000 ወይም ኢንቴል አርክ። ከሌላችሁ እለፉት።

ስክሪን የሚቀዳውን ፕሮግራም፣ ኦቢኤስን፣ ክፈቱና ሴቲንግስ፣ ከዚያ አውትፑት ግቡ። ሞዱን አድቫንስድ አድርጉትና ሪከርዲንግ የሚለውን ንኩ። ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) ላይ የካርዳችሁን ምረጡ፤ የኤንቪዲያው ኤንቬንክ ይባላል። ኤክስ264 የሚለው ፕሮሰሰሩን ነው የሚጠቀመው። ጌሙም ያንኑ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ይሻሙና ጨዋታው ይቆራረጣል።

ሬት ኮንትሮል ላይ ሲቢአርን፣ ማለትም በሰከንድ የሚበላውን መጠን ቋሚ የሚያደርገውን፣ ተዉት፤ እሱ ለላይቭ ነው። በምትኩ የጥራቱን ደረጃ ቋሚ የሚያደርገውን ሲኪውፒ አድርጉና ከ20 ጀምሩ። ቁጥሩ ሲቀንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ያብጣል።

አደራ፣ ስትሞክሩ ሜኑውን አትቅዱ። ሜኑ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ በየትኛውም ሴቲንግ ያምራል። ኮዴክ የሚፈተነው በመልሶ ማጥቃት ነው፤ ካሜራው ሲሮጥ ሣሩና ተመልካቹ በአንዴ ይቀየራሉ። አንድ ደቂቃ ቅዱና ሩጫው መሃል አቁማችሁ ሣሩን እዩ፣ የማሊያውን ቁጥር አንብቡ። ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ወለል ከመሰለ ወደ 18 ውረዱ። ጥርት ካለ 23ን ሞክሩ፤ ልዩነቱ ካልታያችሁ ቦታ ተረፋችሁ።

ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጉት። እንደ አዲስ አበባ መብራት ድንገት በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መደበኛው ኤምፒ4 መሃል ላይ ከተቋረጠ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል፤ ኤምኬቪ ግን እስከዚያች ሰዓት የተቀዳውን ይዞ ይቆያል። ኤምፒ4 ስትፈልጉ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪሙክስ ሪከርዲንግስ በሉት፤ ጥራቱ አይነካም።

ዩቲዩብ የላካችሁትን ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል። ስለዚህ ጥሩውን ስጡት። ለ1080ፒ በ60 ፍሬም የሚመክረው 12 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ በሰዓት 5.4 ጊጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም ፕሪሚየም ላልሆነ ሰው በአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ጊጋባይት ነው፤ በዚህ ልክ 22 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። ለጓደኛ ከሆነ ጎሎቹን ቆርጣችሁ ላኩ።