ሴክሬተሪ ካርሲኖማን ከአሲኒክ ሴል ካርሲኖማ እንዴት እንለያለን?

ሴክሬተሪ ካርሲኖማ ራሱን የቻለ የምራቅ እጢ ካንሰር ሆኖ የተገለጸው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ቀደም ሲል አብዛኛው በአሲኒክ ሴል ካርሲኖማ ስም ይመዘገብ ነበር፤ ዛሬም ስህተቱ የሚፈጠረው እዚያው ላይ ነው። ሁለቱም ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ሁለቱም በብዛት የሚወጡት ከጆሮ ፊት ባለው ፓሮቲድ እጢ ላይ ነው።

እብጠቱ የማያም መሆኑ አያዘናጋችሁ። ታካሚው ቅንድቡን እንዲያነሳ፣ ዓይኑን አጥብቆ እንዲጨፍን፣ ጥርሱን እንዲያሳይ በማድረግ የፊት ነርቭን ፈትሹ፤ አንገቱንም ለንፍፊት ዳስሱ። ናሙናውን በአልትራሳውንድ እየተመራችሁ ከ22 እስከ 25 ጌጅ በሆነ ቀጭን መርፌ ውሰዱ። ዕጢው ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ፈሳሹን ብቻ ቀድቶ «ሳይስት ነው» ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። ፈሳሹ ከወጣ በኋላ የቀረውን ጠጣር ክፍል ደግማችሁ ውጉ።

በቀዶ ጥገና የወጣውን ዕጢ ሰንጥቃችሁ 10% ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት አቆዩት። ሳይሰነጠቅ ከገባ ፎርማሊኑ መሃሉ ሳይደርስ ሥጋው ይበላሻል፤ የኋላ ምርመራዎችም አይታመኑም።

በሴክሬተሪ ካርሲኖማ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሮዝ፣ አረፋ የመሰለ ሳይቶፕላዝም ያላቸው ተመሳሳይ ህዋሳትና በትንንሽ ቀዳዳዎች የተጠራቀመ ሮዝ ፈሳሽ ነው። ቁልፉ የፒኤኤስ ቀለም (ስኳር ያላቸውን ነገሮች ቀይ የሚያደርግ ማቅለሚያ) ነው፤ ግን ያለ ዲያስቴዝ (ግላይኮጅንን የሚሰብር ኢንዛይም) አትሥሩት፣ በህዋስ የሚከማቸው ስኳር ግላይኮጅንም ስለሚቀላ ያሳስታል። በቀዳዳዎቹ ያለው ፈሳሽም ከዲያስቴዝ በኋላ ቀይ ሆኖ ስለሚቀር ዓይናችሁ እዚያ አይረፍ፤ የሚፈለገው በህዋሱ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የዛይሞጅን (ገና ያልነቃ ኢንዛይም) ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ በአሲኒክ ሴል ካርሲኖማ ይገኛሉ፤ በሴክሬተሪ አይገኙም።

ቀጥሎ የህዋሱን ፕሮቲኖች በሚያቀልመው ምርመራ (ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ) ኤስ100ን ከማማግሎቢን ጋር አሠሩ፤ እነዚህም ሆኑ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዶግ1፣ ኤንአር4ኤ3ና ፒ63 በዚህ መንገድ የሚፈለጉ ፕሮቲኖች ናቸው። በሴክሬተሪ ሁለቱም በጉልህ ይቀባሉ፤ ዶግ1 ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀባም። በአሲኒክ ዶግ1 ይቀባል፣ ኤንአር4ኤ3ም ኒውክሊየሱን ያቀልማል። ኤስ100 ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በምራቅ ቱቦ ውስጥ የሚያድገው ኢንትራዳክታል ካርሲኖማም ኤስ100ንና ማማግሎቢንን ይቀበላል፤ እሱን የሚለየው የህዋሳቱን ስብስብ ዙሪያውን የከበበው የፒ63 ቀለበት ነው።

ማረጋገጫው የኢቲቪ6 ጂን ተሰብሮ ከሌላ ጂን (ከአጋሩ) ጋር መጣበቁ ነው፤ መሰበሩ በፊሽ (ጂኖችን በሚያበሩ ምልክቶች በሚያሳይ) ምርመራ ይታያል። የተለመደው አጋሩ ኤንቲአርኬ3 ሲሆን ፓን-ትርክ (የኤንቲአርኬ ጂኖችን ፕሮቲን የሚያቀልም ምርመራ) በኒውክሊየስ ውስጥ መቀባቱ ይጠቁመዋል። አጋሩ አርኢቲ ከሆነ ግን ፓን-ትርክ ላይቀባ ስለሚችል «አይደለም» ብላችሁ አትዝጉት። ፊሽ አጋሩን አይናገርም፤ በሽታው ከተሰራጨ ወይም በቀዶ ጥገና የማይወጣ ከሆነ ላሮትሬክቲኒብ የተባለው መድኃኒት የሚታሰበው ኤንቲአርኬ ሲኖር ስለሆነ በአርኤንኤ ምርመራ አጋሩን ለዩ።