ከአሜሪካ የመጣ ራም ሲበላሽ፦ አዲስ አበባ ሆኖ በዋራንቲ ማስቀየር

ነገሩ ሲጀምር ብሮውዘሩ አልፎ አልፎ ብቻውን ይዘጋ ነበር። ዚፕ ፋይል ልፈታ ስል ተበላሽቷል ይለኛል፣ ድጋሚ ሳወርደው ደግሞ ይከፈታል። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን መጣ። በሳምንት አንዴ የነበረው በቀን ሦስቴ ሆነ፣ የሚጽፈው ምክንያትም አንድ ዓይነት አልነበረም፦ ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ነገ «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ»፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ምክንያቱ እንዲህ ሲቀያየር መጀመሪያ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጠርጥሩ። ችግሩ የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያው ስሕተት ነው የሚደጋገመው።

ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ «ፎርማት ይደረግ» ተባልኩ፣ ተደረገ። በሁለተኛው ቀን ያው ሆነ። እባካችሁ ራም እየጠረጠራችሁ ፎርማት አታድርጉ። ዊንዶውስ ሲጫን እያንዳንዱ ፋይል በራም በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ገና ሲጫን ተበላሽቶ ሊጫን ይችላል። ባዮስን (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አፕዴት ማድረግማ ጭራሽ አይሞከርም፣ መሀል ላይ ከተሳሳተ ማዘርቦርዱንም (ዋናውን ቦርድ) ይዞት ሊሄድ ይችላል። ባክአፕም ቢሆን ቆይ በሉት። ፎቶና ሰነድ ስትገለብጡ ኮፒው ሳይታወቅ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ጤነኛውን ራም ለዩ፣ ከዚያ በእሱ ብቻ አስነስታችሁ ገልብጡ።

የእኔ ሁለት ፍሬ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር4 የሚባል ራም ነው፣ እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ገዝታ በሰው የላከችልኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው እሱን ለማስቀየር የሄድኩበትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ራሞቹን አውጡ። ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ብናኙን አራግፉ፣ መልሳችሁ ቀጭ እስኪል ሰኩት። የአዲስ አበባ አቧራ ቀላል አይደለም፣ አንዳንዱ ችግር እዚሁ ያበቃል። ላዩ ላይ ያለውን ስቲከር ግን እንዳትልጡ! ስቲከሩ የተላጠ ወይም ብረት ልባሱ የተነቀለ ራም ዋራንቲ አያገኝም።

ካልተሻለው ወደ ምርመራው። ዊንዶውስ ውስጥ የራሱ መመርመሪያ አለ፦ ስታርት ላይ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሪስታርት አድርጎ ይጀምራል፣ ኤፍ1 ተጭናችሁ «ኤክስቴንድድ» የሚለውን ምረጡ። ይሄ ስሕተት ካገኘ ጥሩ፣ ካላገኘ ግን ራሙ ደህና ነው ማለት አይደለም። የእኔን አልፎታል። የያዘው ሜምቴስት86 ነው። ነፃው ቅጂ ይበቃል። በሌላ፣ ጤነኛ ኮምፒውተር አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ትጭኑታላችሁ (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አስቀድማችሁ አውጡት)፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሡታላችሁ። ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራምም አለ፣ እሱ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚከለክል ባዮስ ላይ ያለ ማስተካከያ) ካልጠፋ ላይነሣ ይችላል። ሴኪዩር ቡት ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ዲስኩ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ቁልፍ) እንዳለበትና እንደሌለበት እዩ። ካለበት የሪከቨሪ ቁጥሩን ሳትይዙ ባዮስ አትንኩ፣ በገዛ ኮምፒውተራችሁ ደጅ ትቀራላችሁ።

ምርመራው ሰዓታት ይፈጃል። የእኔ 32 ጊጋ ሌሊቱን በሙሉ ነው የወሰደው፣ በመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀመርኩ። ዩፒኤስ ያላችሁ በእሱ ላይ አድርጉት፣ የሌላችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ። ቀይ መስመር ካያችሁ አንድም ቢሆን ስሕተት ስሕተት ነው። የጤነኛ ራም ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው፣ «ሁለት ብቻ ነው ያወጣው፣ ምንም አይል» የሚላችሁን አትስሙ።

አሁን የቱ ፍሬ ነው የታመመው? አንዱን አውጡ፣ አንዱን ብቻ አንድ ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ ሰክታችሁ መርምሩ። አራት ስሎት ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ለነጠላ ራም የሚመረጠው ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ያኛውን በዚያው ስሎት። ከዚያ ስሕተት ያወጣውን ወደ ሌላ ስሎት ወስዳችሁ ድገሙት። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። ሁለቱም ራም በዚያ ስሎት ላይ ብቻ ከሳቱ ግን ስሎቱን ወይም ማዘርቦርዱን ጠርጥሩ፣ ራም ልኮ ማስቀየር ልፋት ብቻ ይሆናል። ባዮስ ላይ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ማስተካከያ) በርቶ ከሆነም አጥፍታችሁ አንዴ ፈትኑ። ያለ እሱም ከሳተ ክርክር የለውም።

እዚህ ላይ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ። ቀዩ መስመር የሚታይበትን ስክሪን፣ ከዚያ የዚያኑ ራም ስቲከር ሲሪያል ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ። ሩቅ አገር ሆኖ ለሚከራከር ሰው ይሄ ፎቶ ነው ምስክሩ።

አሁን ዋራንቲው። ኪንግስተን፣ ኮርሴር፣ ጂስኪልና ክሩሻል አብዛኞቹን ራሞቻቸውን የሸጡት «ሊሚትድ ላይፍታይም» (ገደብ ያለው የዕድሜ ልክ) በሚባል ዋራንቲ ነው፣ ስለዚህ ሦስትና አራት ዓመት አልፎታል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የክሩሻል ባለቤት ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 (በፈረንጅ) ክሩሻልን ለግል ተጠቃሚ መሸጥ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ የተሸጡት ላይ ያለው ዋራንቲ እንደሚቀጥል ተናግሯል። ደግሞ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ ክፉኛ ንሯል፣ ዝም ብሎ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። ዋራንቲው በአብዛኛው የመጀመሪያው ገዢ ነው፣ የተገዛበትም አገር ይታያል። የእኔ ራም ገዢ እህቴ ናት። ስለዚህ ደረሰኙ በእሷ ስም፣ ጥያቄውም ከእሷ ኢሜይል፣ አድራሻውም የእሷ ነው። መልእክቱን እኔ አዘጋጀሁላት፣ እሷ ላከችው። ምን ጻፍን? የራሙን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ የማዘርቦርዱን ስም፣ በየትኛው ስሎት በየትኛው ፕሮግራም እንደተመረመረ፣ ስንት ስሕተት እንደወጣ፣ ኤክስኤምፒ ጠፍቶ እንደተሞከረ፣ ከነፎቶዎቹና ከነደረሰኙ። ይሄን ሁሉ በመጀመሪያው ኢሜይል ካስገባችሁ «ሌላ ስሎት ሞክረዋል ወይ?» እያሉ አንድ ሳምንት አያመላልሷችሁም። ደረሰኝ ከጠፋ ገዢው ኦንላይን የገዛበትን አካውንት ይክፈት፣ የድሮ ትእዛዞች እዚያ ይቀመጣሉ።

ዘመድን ሥራ ማስያዝ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እህቴ በሁለት ፈረቃ የምትሠራ ሰው ናት፣ ስለዚህ ከእሷ የሚጠበቀው መላክና ፖስታ ቤት መሄድ ብቻ እንዲሆን ሌላውን ሁሉ እኔ ጨርሼ ነው የሰጠኋት።

የአምራቹ ፈቃድ ሲመጣ የመመለሻ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ይሄ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀን ገደብ አለው። ስለዚህ ራሙን ወደ አሜሪካ የሚወስድ መንገደኛ ሳታገኙ ፈቃዱን አታስቆርጡ። መጀመሪያ ሰው ፈልጉ፣ የበረራው ቀን ሲታወቅ ጥያቄውን ላኩ። ቁጥሩ ከካርቶኑ ውጭ ላይ በደንብ መጻፍ አለበት፣ አለበለዚያ ዕቃው ባለቤት አልባ ሆኖ መጋዘን ይቀመጣል።

ራሞቹ የተሸጡት በጥንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው የሚጠይቋችሁ፣ የታመመው አንዱ ብቻ ቢሆንም። ይሄን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ኮምፒውተሩ ያለ ራም እንዳይቀር ከጓደኛ ባለ 8 ጊጋ ተዋስኩ፣ እናንተም አስቀድማችሁ አስቡበት።

በዲኤችኤል መላክ ይቻላል፣ ግን ለሁለት ትንንሽ ፍሬ ዋጋው አያዋጣም። ወደ ዋሽንግተን ዳለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ራሙ የመጣበት ፕላስቲክ ማሸጊያ ካለ በእሱ፣ ከሌለ ኮምፒውተር ቤቶች ማዘርቦርድ በሚመጣበት በዚያ ግራጫ ፀረ ስታቲክ ከረጢት ጠቅልሉት። በእጅ ሻንጣ ያልፋል። ለመንገደኛው ግን ምን እንደሆነ አሳይታችሁ፣ ሳታጣብቁ ስጡት። የታሸገ ዕቃ ማንም ሰው አምኖ መያዝ የለበትም። እህቴ ከዚያ በትራኪንግ ቁጥር ላከችው። የመላኪያውን ብዙ ጊዜ የምንከፍለው እኛ ነን፣ የመመለሻውን እነሱ።

ምትኩን ቀጥታ ኢትዮጵያ ላኩልኝ አትበሉ። አንዳንዶቹ እሺ አይሉም፣ እሺ ቢሉም ጉምሩክ ላይ በነፃ የተቀየረ ዕቃ መሆኑን ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። ወደ ዘመድ አድራሻ ይግባ፣ በሰው ይምጣ።

ከዱባይ ያስገዛችሁም መንገዱ ያው ነው። የሱቁ ዋራንቲ ቢያልቅም የአምራቹ ሊኖር ስለሚችል ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ግን መጀመሪያ ራሙ የሚነቀል መሆኑን አረጋግጡ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ የላፕቶፑ አምራች ዋራንቲ ነው የሚመለከታችሁ።

ምትኩ ሲደርስ ደስ ብሏችሁ ወዲያው ሥራ አትጀምሩ። መጠኑና ፍጥነቱ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ስቲከሩ ላይ አንብቡ፣ ኤክስኤምፒ አብርታችሁ አንድ ሌሊት ሜምቴስት አስኪዱበት። ታድሶ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ከሳተ የድሮው ጥያቄ ሳይዘጋ ወዲያው ጻፉላቸው። አዲሱን ሲሪያል ቁጥርም ፎቶ አንሥታችሁ መቀየሩን ከሚገልጸው ኢሜይል ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።