ሣርና ቄጠማን በጣት መለየት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ለዚህ ሥራ ጥሩው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ያኔ አብዛኛው ያብባል። ያላበበ ሣር መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

ቦታው ደግሞ የኛው መንገድ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ትሆናላችሁ። በዚህች አጭር መንገድ የደጋውንም የወይና ደጋውንም ሣር ታገኛላችሁ። ቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን ረግረግ ግን አትዝለሉት፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ቅጠሉን ለጊዜው ተዉት፣ ዘንጉን ያዙ። አበባ ያለውን ዘንግ ከመሃል ቆርጣችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አንከባሉት። ሦስት ጠርዝ ጣታችሁን ከቆረቆራችሁ የቄጠማ ወገን ነው። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ክብ ከሆነ የተቆረጠበትን እዩ። የሣር ዘንግ አንጓ አንጓ አለው፤ በአንጓዎቹ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የስንዴ አገዳ ሰብራችሁ ካያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስንዴም ሣር ነውና። የቄጠማ ውስጡ ድፍን ነው፣ አንጓም አይታይበትም።

ሦስተኛው ወገን ጁንከስ ይባላል። እሱም ረግረግ ይወዳል። ዘንጉ ክብ ነው፣ አንጓ የለውም፣ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ መሳይ ነው። አበባውን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ስድስት ጥቃቅን ቅርፊቶች ዙሪያውን ከበውታል። ፊላ ግን ከሦስቱም አይደለም፤ የራሱ ቤተሰብ አለው።

ጣት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ክብ ዘንግ ያላቸው የቄጠማ ዘመዶች አሉ። ያኔ ቅጠሉ ዘንጉን ያቀፈበትን ሰገባ በጥፍራችሁ ለመግለጥ ሞክሩ። የሣር ሰገባ በአብዛኛው በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ሳይቀደድ ይገለጣል። የቄጠማው ዙሪያውን የተዘጋ ነው፤ ካልቀደዳችሁት አይከፈትም። ቅጠሎቹንም ከላይ ወደ ታች እዩ፦ የሣር በሁለት ረድፍ፣ የቄጠማ በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። እኔ ከሁሉም የማምነው ሰገባውን ነው።

የአገር ነው ወይስ መጤ? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሰንበሌጥ፣ ለስፌት የሚሆኑት አክርማና ስንደዶ የአገራችን ናቸው። አለላ እያልን የምናደንቀው ቀለም የተነከረ ስንደዶ ነው። በእርከን ላይ በረድፍ ተተክሎ ካያችሁ ግን ሰው ያመጣው መሆኑን ጠርጥሩ። ቬቲቨር የሚባለው ሣር መነሻው ህንድ ነው፤ ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ የሚራባውም ከነሥሩ ከፋፍሎ በመትከል ነው። ደሾ የሚባለው ሣር ደግሞ የኢትዮጵያ ቢሆንም የታወቀው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ነው። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «የአገር» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ሰው የተከለው መሆኑንም ጨምሩ። ቅንጬ አረም ሣር አይደለም፤ ግን ግጦሹን የሚነጥቅ ክፉ መጤ ስለሆነ የት እንዳያችሁት መዝግቡ።

ናሙና ስትይዙ ዘንግ፣ ቅጠልና አበባ አብረው ይሁኑ። በጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ወረቀቱንም በየቀኑ ቀይሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ መሬቱ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን ጻፉ። እዚያ የሚያግዱትን እናት ወይም አባት ሰላም ብላችሁ «ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ከብት ይበላዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እንዳለ ጻፉት። ያልለያችሁትን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤት (የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር) ካሉት ናሙናዎች ጋር ማስተያየት ይቻላል።

አንድ ነገር አደራ። ቄጠማ ለበዓልም ለቡናም ስትፈልጉ በማጭድ እጨዱ እንጂ ከነሥሩ አትንቀሉ። የረግረጉን አፈር አንቆ የያዘው ያ ሥር ነው፤ መሬት ውስጥ ከቀረ ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል።